የሉቃስ እንግሊዝኛ

«ዩ አለው።»

«የለውም።»

«እኔ ሞምባሳ ወደብ ስንት ዓመት ሠርቼ፣ አንተ ልታስተምረኝ ነው? አለው።»

«ይኸው ቆርቆሮው ላይ። አንብበው። የለውም።»

«ቆርቆሮው ከየት የመጣ ነው?»

«ከአሜሪካ።»

«እንግዲያው መንገድ ላይ ወድቆበታል።»

ገብረየስ ይህን የሰማው ድሮ ነው። ጋምቤላ ይሁን ደምቢ ዶሎ አሁን እርግጠኛ አይደለም። ካደረበት ቤት ስስ ግድግዳ ወዲያ ሁለት ሰዎች «ከለር» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሲጻፍ ዩ የሚባለው ፊደል ይኑረው አይኑረው እያሉ በአንድ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ሲጣሉ ነበር። ኋላ ሦስተኛ ድምፅ ገባ፤ የሴት ይመስለዋል። «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ አገሩ ነው የሚለየው» አለች። ወይም አላለችም፤ እሱ ራሱ በኋላ የጨመረው ሊሆን ይችላል። ያም ሆነ ይህ ከዚያ ወዲህ ገብረየስ አንድ እንግሊዝኛ ብቻ አለ ብሎ አስቦ አያውቅም። ጁባ ሲደርስ ደግሞ ግምቱ ከሚያስበው በላይ ትክክል ሆኖ አገኘው።

ማላኪያ በሚባለው የከተማዋ ሰፈር ውስጥ ሬዲዮና ስልክ የሚጠግንባት ጠባብ ሱቅ አለችው። እንግሊዝኛን ማንም አላስተማረውም። ከሚጠግናቸው ሬዲዮዎች፣ ከኬንያና ከዩጋንዳ ሾፌሮች፣ እንግዳ ሰባኪ ሲመጣ ደግሞ ከሰባኪውና ከአስተርጓሚው ለቃቅሞ ነው የያዘው። ሲያወሩት ይሰማል፤ ሲጠይቁት አስቦ ይመልሳል፤ ካልጠየቁት ዝም ይላል። በሚጸልይበት ጉባኤ ውስጥ «ወንድም ገብረየስ ትዕግሥተኛ ነው» ይባልለታል። እሱ ግን ትዕግሥት ከሚሉት ግማሹ ፍርሃት መሆኑን ከፈጣሪው በቀር ለማንም አልተናገረም።

ፍርሃቱ አንድ ነገር ላይ ነበር። ከሱቁ አጠገብ ማናህሎሽ ቬሎ ታከራያለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ የእሱም ሚስት እንዲሁ። ሁለቱ ሱቆች የሚጋሩት አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው፤ የልብስ ስፌት መኪናዋ ሲቆም እንኳ ያውቀዋል። ጠዋት ጠዋት ሲጸልይ «ጌታ ሆይ፣ ዛሬስ አፌን ክፈትልኝ» ይላል። ከዚያ ወጥቶ በሯ ላይ ይቆምና አፉን ይከፍታል።

«እህት ማናህሎሽ፣ ጀነሬተሩ ነዳጅ አለው?»

«አለው ወንድም ገብረየስ።»

«ተመስገን» ይልና ይመለሳል።

ማናህሎሽ ሱቋን የከፈተች ሰሞን ታፔላዋን የጻፈላት ከሀይ ጀላባ ሰፈር የመጣ ሠዓሊ ነበር። ሰውየው «ወዲንግ» በሚለው ቃል ውስጥ አንድ ፊደል እንደሚደገም ያውቃል፤ የትኛው እንደሆነ ግን ረስቷል። ዲን መድገም ሲገባው ኢን ደገመና የሠርግ ልብስ ኪራይ መሆን የነበረበት «ዊዲንግ» ሆኖ ቁጭ አለ፤ የአረም ነቀላ ልብስ ኪራይ። ገብረየስ ቀለሙ ሳይደርቅ ነው ያየው። እሷ ግን ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፊቷ እንደ ሙሽራ በርቶ፣ «እንዴት ነው?» አለችው።

«የእጅ ጽሑፉ ያምራል» አላት። እውነቱን ነው፤ ያምር ነበር። ገብረየስ አይዋሽም። እውነቱን ግን ሁልጊዜ እስከ ጫፉ አይወስደውም።

ደግሞስ በዚያ መንደር ማን ማንን ሊያርም ነው? ከፊት ለፊት ስኳርና ዘይት በጅምላ የሚሸጡት ሐጂ ከቢር መኪና በራቸው ላይ እንዳይቆም ብለው ያሠሩት ማስታወቂያ አለ። ጸሐፊው በዓረብኛ ያደገ ሰው ስለነበር ፒን በቢ ለውጦ፣ «ኖ ፓርኪንግ» ማለት ሲገባው «ኖ ባርኪንግ» ብሎታል፤ መጮህ ክልክል ነው፣ እንደ ውሻ። የጭነት መኪናው ቀኑን ሙሉ በሩን ዘግቶ ይውላል። የማላኪያ ውሾች ግን በዚያ ሲያልፉ አንገታቸውን ደፍተው ነው።

ሉቃስ የመጣው በማናህሎሽ ታፔላ ምክንያት ነው። የዚሁ የጁባ ሰው ነው፤ ያደገው ግን በስደት ዩጋንዳ ነው። ሎሎጎ በሚባል ቦታ፣ በወንዙ ዳር፣ ባሚያና ሙሉኪያ የሚሉትን ቅጠል ያለማል። ረጅም፣ ዝግ ያለ፣ ከነጭቃ ቡትሱ የሚዞር ሰው። አንድ ቀን ታፔላውን ቆሞ አነበበና አረም ነቃይ የሚከራይበት መስሎት ነጫጭ ቬሎዎቹ መካከል ገብቶ ቆመ። ማናህሎሽ የምታውቀው የጁባ ዓረብኛ የዋጋ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ባላት እንግሊዝኛ ተቀበለችው።

«ስንት ሰው አላችሁ?» አላት።

«አንድ ሙሽራ። ሚዜ እንደ ፍላጎት።»

ሉቃስ ትንሽ አሰበ። «ጓንት አላቸው?»

«አላቸው። ነጭ፣ እስከ ክርን።»

«እስከ ክርን ጥሩ ነው፤ እሾህ አለ። ጭቃ ውስጥስ ይገባሉ?»

ማናህሎሽ የቆርቆሮውን ግድግዳ በቡጢ መታችው። «ወንድም ገብረየስ፣ ቶሎ ናማ፤ ይሄ ሰውዬ ቬሎዬን ጭቃ ሊያስገባው ነው።»

ገብረየስ መጥቶ ለአንዱ የአንዱን አስረዳ። ሉቃስ ቬሎዎቹን ዞሮ አየና በሆዱ ሳቀ። ማናህሎሽ ግን ወጥታ ታፔላዋን አንጋጣ እያየች፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው አረም የምነቅለው?» አለች።

«ከተሰቀለ ጀምሮ።»

«አንተ ማንበብ አትችልም እንዴ?»

«እችላለሁ።»

አየችው። ቀጥሎ የሚመጣውን ሲጠብቅ እሷም ሳቋ አመለጣትና ተረፈ። ታፔላውን ግን አላስለወጠችውም። «ሰው ቆሞ እያነበበው አይደል? ይቁም። የቆመ ይገባል» አለች።

ከዚያ ወዲህ ሉቃስ ባሚያውን ወደ ገበያ ሲያመጣ በዚያው በኩል ማለፍ ጀመረ። ሲያልፍ አንገቱን በበሩ ያስገባና «ዌል ደን፣ ማማ» ይላታል። አንዳንዴ አንድ እስር ባሚያ ያስቀምጣል። ባሚያው ተወዶለታል፤ ሰላምታው ግን አልተወደደለትም።

«ዌል ደን ማለት ጎበዝ፣ ጥሩ ሠራሽ አይደል?» አለችው ለገብረየስ።

«ነው።»

«እኔ ገና ክር መርፌ ውስጥ እያስገባሁ። መቀለዱ ነው እንዴ?»

ገብረየስ ከሾፌሮቹ ሰምቶ ያውቀዋል። ዩጋንዳ ያደገ ሰው የሚሠራ ሰው አጠገብ ሲያልፍ «በርቺ» የሚለው በዚህ ቃል ነው። ያንን ለመናገር አንድ እስትንፋስ ይበቃ ነበር። ነገር ግን ሉቃስ ያስቀመጠውን ባሚያ አየ፤ ሰውየው መጀመሪያ የመጣ ቀን እንዴት እንደሳቀች አስታወሰ። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። «የሰው ልብ ማን ያውቃል» ብሎ ወደ ሱቁ ገባ።

ቀጥሎ ማናህሎሽን ወባ ጣላት። ተሽሏት ስትመለስ ሉቃስ ከሩቅ አያት፤ ጥርሱ ሁሉ ታየ።

«ማማ፣ ዩ አር ሎስት» አላት።

ፊቷ ጠቆረ። ቅርብ ጊዜ ጉባኤያቸው ከአሜሪካ የመጣ ሰባኪ አስተናግዶ ነበር። ሰውየው ቀኑን ሙሉ «ሎስት፣ ሎስት» ሲል ውሎ፣ አስተርጓሚው በየተራው «ያልዳነች ነፍስ» እያለ ሲመልሰው ነበር። ማናህሎሽ ከስብከቱ ሁሉ አጥብቃ የያዘችው ይቺን ቃል ነው።

«እየጸለይኩ ታምሜ፣ እየጸለይኩ ተነሥቼ፣ ያልዳንሽ ነፍስ ነሽ ይለኛል? ባሚያ ሻጭ?» አለች በግድግዳው ዞራ መጥታ። «አንተም ስብከቱ ላይ ነበርክ። እንደዚያ ማለት አይደለም?»

«ሰባኪው እንደዚያ ነው ያለው» አለ ገብረየስ። «እኔም ሰምቻለሁ።»

ይህም እውነት ነበር። የቀረችው ግማሽ አንዲት ቃል ናት፤ «ጠፋሽ»። እኛ ዘመድ ስንናፍቅ የምንለው፣ ሉቃስም ያለው። ቃሏ ጥርሱ ድረስ መጥታ እዚያው ተቀመጠች። ሲጸልይ «ጌታ ሆይ፣ አልዋሸሁም» አለ። ከላይ መልስ አልመጣም። ገብረየስ የሬዲዮ ሰው ነው፤ ጣቢያው ተቋርጦ ዝም ሲልና ሆነ ብሎ ዝም ሲል ልዩነቱን ያውቃል።

ነገሩ የፈነዳው ዝናብ በጣለበት ዕለት ነው። ገና አልመሸም፤ ደመናው ግን ከብዶ ስለነበር ማናህሎሽ ቀደም ብላ ሱቋን ቆለፈች። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ፌስታሉ በዝቶባታል። ሉቃስ ባዶ ጆንያውን ትከሻው ላይ ጥሎ ሲያልፍ አያትና ቆመ።

«ማማ፣ ሌት ሚ ፑሽ ዩ።»

ማናህሎሽ «ፑሽ»ን ከየባንኩ በር ላይ ታውቀዋለች፤ ግፋ ማለት ነው። ያልዳንሽ ነሽ ያላት ሰው ደግሞ ልገፋሽ ሲላት ወደ ኋላ አፈገፈገች። ከኋላዋ የጎርፍ መውረጃው ቦይ ነበር። ከነፌስታሏ ቁጭ አለችበት። ሉቃስ እጁን ዘርግቶ ሮጠ፤ «ሶሪ፣ ሶሪ ማማ፣ ሶሪ።»

መንደሩ ሁሉ ወጣ።

«ልግፋሽ ብሎኝ ነው» አለች እንዳነሷት፣ ቀሚሷን እየጨመቀች። «አስቀድሞ ነገረኝ፣ ወደቅሁ፣ ይቅርታ ጠየቀ። ሌላ ምን ምስክር ያስፈልጋል?»

ገብረየስ በሩ ላይ ቆሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ አይቷል። ሉቃስ ጫፏን አልነካትም።

በማግስቱ ሐጂ ከቢር ከአስር ሶላት በኋላ ሁሉንም ጠሩ። የመንደሩ ሀበሻ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ሲጣላ የሚዳኘው እሳቸው መጋዘን ውስጥ ስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጦ ነው። ጥፋተኛ ከሆነ ሰውየው በዚያ መንገድ ድርሽ እንዳይል ለገበያው አለቃ እንደሚነግሩ አስታወቁ። ጁባ ዓረብኛ እንደ ውኃ ነው የሚናገሩት፤ ሆኖም፣ «ቃሉ የተባለው በእንግሊዝኛ ነው፣ የሚፈረደውም በእንግሊዝኛ ነው። ወንድም ገብረየስ፣ አንተ ተርጉም» አሉ።

አፌን ክፈትልኝ እያለ ሲለምን የኖረው ሰው በዚያች ሰዓት ዝም አሰኘኝ ሊል ዳድቶት ነበር። ዝም ቢል ሉቃስ ይሄዳል፤ ባሚያውም ሳቁም አብሮ ይሄዳል። ግድግዳውና ማናህሎሽ ግን ይቀራሉ።

«ልግፋሽ ብለሃታል?» አሉ ሐጂ።

ገብረየስ ተረጎመ። ሉቃስ ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ፣ «አዎ» አለ።

«ገፍተሃታል?»

«አልገፋኋትም። ሳልገፋት ወደቀች።» ገብረየስ ቃል በቃል ነው የሚያስተላልፈው። «አሁንም ፈቃዷ ከሆነ እገፋታለሁ ይላል።»

መጋዘኑ ተንጫጫ። «ቀድማው መውደቋ ነው የሚቆጨው» አለ አንዱ ከኋላ። ማናህሎሽ እጇን ዘረጋች፤ ሰማችሁ አይደል በሚል ዓይነት።

ሉቃስ ሰዉ ለምን እንደሚስቅ አልገባውም። ወደ ገብረየስ ዘወር አለና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ወንድሜ፣ ምን አጠፋሁ? አንተንስ ቢሆን ስንቴ ገፍቼሃለሁ» አለው።

እውነቱን ነው። ብዙ ጊዜ ሱቁን ሲዘጋ ሉቃስ ይደርስበትና እስከ ማዞሪያው አብሮት ይሄዳል፤ ስለ ውኃ፣ ስለ ተባይ፣ ስለ ዩጋንዳ ያወራዋል፤ ገብረየስ ይሰማዋል። ማዞሪያው ላይ ሲለያዩ ሰውየው ቆሞ እስኪሰወር ያየዋል። የገብረየስ ጆሮ ጋለ።

«ሐጂ» አለ፤ «ትርጉሙ ጎድሏል።»

«ምን ያህል?»

«ብዙ።»

ሐጂ ከቢር መቁጠሪያቸውን አቆሙ። ገብረየስ ወደ ማናህሎሽ ሳያይ፣ ጆንያውን እያየ ጀመረ። «እሱ ያደገበት እንግሊዝኛ ለብቻው ነው። ከሰባኪው አይገናኝም። ሎስት ያለሽ… ጠፋሽ ሊልሽ ነው። ቆየሽ፣ የት ከረምሽ።»

ማናህሎሽ እጇ ባለበት ቀረ። «ዌል ደንስ?»

«በርቺ።»

«ስወድቅ ሶሪ ያለኝስ? ይቅርታ አይደለም?»

«አይዞሽ ነው።»

«ፑሹስ?»

«ልሸኝሽ» አለ ገብረየስ። «ጭቃ ነበር፤ ዕቃም ይዘሽ ነበር።»

«ይሄ ሰውዬ ታዲያ በአማርኛ ነው እንዴ ሲያናግረኝ የከረመው?» አለች። ሰዉ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ወደ ሉቃስ አየች፤ ከዚያ ወደ ገብረየስ። «አንተ ይሄን መቼ ነው ያወቅከው?»

«ከሾፌሮች ሰምቼው…»

«መቼ?»

«ድሮ።»

«ስጠይቅህ ታውቀው ነበር ማለት ነው።»

«አውቀው ነበር።»

«እና ምነው ዝም አልክ፣ ገብረየስ?»

ወንድም የሚለው ቀርቷል። ገብረየስ አፉን ከፈተ። ስለ ጀነሬተሩ ነዳጅ ሊጠይቃት እንደማይችል ገባው፤ መልሶ ገጠመው። ሐጂ ከቢር ጣሪያውን እያዩ፣ «ይሄንንስ ማን ይተርጉመው?» አሉ።

ሉቃስ ምን እንደተባለ ጠየቀ። ሐጂ የራሳቸውን ሕግ ትተው በጁባ ዓረብኛ እስከ መጨረሻው ነገሩት፤ ገብረየስ ራሱ ያልተናገረውን ሁሉ ሳይቀር። ሉቃስ መጀመሪያ ግራ ገባው፣ ቀጥሎ ጭኑን መታ። ሎሎጎ ሚስት አለችው፣ ልጆች አሉት። «ሚስቴንም እገፋለሁ፤ አማቴንም እገፋለሁ» አለ። «ይሄ ሰው እኔን ፈርቶ ነው?»

ገብረየስ ያን ጊዜ አፈረ። ጆሮው ቃሉን አንድ በአንድ ለቅሞ ሰውየውን ሳይሰማው ቀርቷል። ለምን ሚስት አለህ ወይ ብሎ እንዳልጠየቀው አሰበ። ጠይቆ አያውቅም፤ ሰምቶ ብቻ።

ማናህሎሽ ተነሣች። ሉቃስ ፊት ቆማ በአማርኛ፣ «በርታ እሺ፣ ደኅና ሁን» አለችው። እሱም ትርጉም ሳይጠብቅ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በገብረየስ በኩል ስታልፍ ሳታየው፣ «የሚፈልግ ሰው ሽማግሌ ይልካል፤ የሰው ሰላምታ አይቆርጥም» ብላ ወጣች።

«ሰማህ?» አሉ ሐጂ።

«ሰማሁ።»

«መስማትስ ትችልበታለህ። አንደኛው ሽማግሌ እኔ ነኝ። ሁለተኛውን ፈልግ።»

«ማንን?» አለ ገብረየስ። ዘመዶቹ ሁሉ አገር ቤት ናቸው። የጉባኤውን ሰዎች ቢልክ ደግሞ ወሬው ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ ይደርሳል።

ሐጂ ለሉቃስ ነገሩት። ሉቃስ ኮፍያውን አደረገ፤ ለክብር ነገር ነው መሰል እንደገና አወለቀው። «እኔ እሄዳለሁ» አለ። «ግን በእንግሊዝኛ ነው የምናገረው። ሴት ልጅ በገበያ ዓረብኛ አትጠየቅም።»

«እኔ እንዳልተረጉም እንግሊዝኛዬ በሬ ላይ ተሰቅሏል፤ የሚሰማውም ውሻ ብቻ ነው» አሉ ሐጂ። «ማን ይተርጉም?»

«እሱ ራሱ ይተርጉማ» አለ ድምፅ ከበሩ ውጭ። ማናህሎሽ ሩቅ አልሄደችም ነበር። «ቃል ሳያስቀር፣ ቃል ሳይጨምር። ካጎደለ አልሰማም።»

ገብረየስ ከተቀመጠበት ተነሣ። በራሱ አፍ ራሱን ሊያስጠይቅ፣ በራሱ አፍ ራሱን ሊያመሰግን። «ሐጂ፣ ይሄ እንኳን ነውር ነው» አለ።

«ነውሩን ቀድመህ ጨርሰኸዋል።»

ሉቃስ ጊዜ አላጠፋም፤ የሚለውን እዚያው ጆንያው ላይ ሆኖ መለማመድ ጀመረ። ገብረየስ እንዲለምደው ብሎ በየመሀሉ ቆም እያለ ይጠብቀዋል። ይህ ሰው ቁምነገረኛ ነው አለ። አይጠጣም፤ ይጸልያል። የተሰበረ ሬዲዮ ያናግራል። ከዚያ በዚያው በእሱ እንግሊዝኛ፣ «ሂ ኢዝ ሳምሃው ኦልድ» አለ።

«እሱ ይቅር» አለ ገብረየስ።

«ምን አለ?» አሉ ሐጂ።

«ትንሽ አርጅቷል ነው የሚለው።»

«ቃል ሳያስቀር ተብሏል።»

የማናህሎሽ ጥላ አሁንም ደፉ ላይ ይታያል። ገብረየስ ዓይኑን ጨፍኖ አጭር ነገር ጸለየ። ሲገልጥ ሉቃስ አሁንም በትዕግሥት ይጠብቀዋል።

«እሑድ፣ ከጉባኤ መልስ» አለ። «እኔው እተረጉማለሁ።»

«እርጅናውንም?»

«እርጅናውንም» አለ ገብረየስ።